“ተቀበል!” የሚል ሲጠፋ

የማልደብቀው ፍቅር አለኝ። ፍሪ ጃዝ የሚሉትን፣ አስቀድሞ ያልተጻፈውን፣ መድረክ ላይ እዚያው በዚያው የሚወለደውን ሙዚቃ እወዳለሁ። ይህን በተናገርኩ ቁጥር የሚገጥመኝ መልስ ከሁለት አንዱ ነው። የመጀመሪያው “እሱ ደግሞ ሙዚቃ ነው? ድመትና ውሻ ሲጣሉ አይደለም እንዴ!” የሚል ነው። በዚህ አልከፋም። ጆሮ የየራስ ነው። ሁለተኛው መልስ ግን ያናድደኛል። “ይህ የባዕድ ከተማ ቅብጠት ነው። እኛ የራሳችን ኢትዮ ጃዝ አለን፤ ሥርዓት ያለው፣ ዜማው የታወቀ፣ የሚጣፍጥ” ይሉኛል። እንዲህ የሚሉኝ ደግሞ ተራ ሰዎች አይደሉም። የተማሩ፣ የድሮ ሸክላ የሚሰበስቡ፣ ስለ ሙዚቃችን ክብር በየመድረኩ የሚናገሩ ናቸው። ይህ ጽሑፍ ለእነሱ ነው።

ነገሩን ለማያውቀው አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። እ.ኤ.አ. በ1960 መጨረሻ ኦርኔት ኮልማን የተባለው ጥቁር አሜሪካዊ የሳክስፎን ተጫዋች ራሱን ጨምሮ 8 ሙዚቀኞችን ለሁለት ቡድን ከፍሎ ስቱዲዮ አስገባ። ሳያቋርጡም 37 ደቂቃ ያህል ተጫወቱ። ሥራው በዓመቱ “ፍሪ ጃዝ” በሚል ስም ታተመ። በመካከሉ በጋራ የሚሻገሩባቸው አጫጭር ዜማዎች ነበሯቸው። ከዚያ ውጭ ማን ምን እንደሚል፣ ማንስ ምን እንደሚመልስ የተወሰነ አልነበረም። አንዱ ይጀምራል፣ ሌላው ይሰማል፣ ይመልሳል፣ ይሞግታል። ሕጉ አንድ ነው፤ መስማት። የሰማ ይመልሳል፤ ያልሰማ በአደባባይ ይጋለጣል።

እንግዲህ “ለኛ ባዕድ ነው” የተባለው ይህ ነው። ምስክር ፍለጋ ኒውዮርክ ድረስ አልመላለስም። ላሊበላንና ዙሪያዋን፣ መላውን የላስታ ደጋ፣ በፍሪላንስ ጸሐፊነቴ ለዓመታት ተመላልሼበታለሁ። ምስክሮቼን የማቆመው ከዚያ ነው።

የመጀመሪያው ምስክሬ የላስታ ጎረቤት ዋድላ ናት። የቅኔ ሰዎች ከጎንጅና ከዋሸራ ጋር ስሟን የሚጠሩት፣ የራሷ የቅኔ መንገድ ያላት ዋድላ። የቅኔ ተማሪ ከሁለት ቤቷ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ ይወጣል። ዜማው የታወቀ ነው፣ ልኩ የታወቀ ነው፤ ቃሉ ግን አዲስ መሆን አለበት። ትናንት የተባለውን ቅኔ ዛሬ መድገም ነውር ነው። የሌላውን ወስዶ የራስ አስመስሎ መቆምማ ከጉባኤ የሚያስወጣ ድፍረት ነው። ቅኔ ለዕለቱ በዓል፣ ለዕለቱ ጉባኤ ይወለዳል፤ ሊቃውንቱም እየሰሙ እዚያው ይመዝኑታል። ይህን ሥራ ምን ይሉታል? “ቅኔ ዘረፈ” ይላሉ። ዘረፋ! ፎካሪውስ ሜዳ ላይ ወጥቶ ጦሩን ሲነቀንቅ ምን ይላል? “ዘራፍ!” ይላል። ሁለቱ በአንድ ቃል ጥላ ሥር መገናኘታቸው ለእኔ አጋጣሚ አይመስለኝም። ሁለቱም ሲነሡ ምን እንደሚሉ አስቀድመው አልጻፉትም። ለኢምፕሮቫይዜሽን አማርኛ ጠፋለት እያሉ በየስብሰባው ለሚጨነቁ ወገኖች ቃሉ ይኸውላቸው፤ ዘረፋ ነው።

ሁለተኛው ምስክሬ ያንኑ “ዘራፍ” ወስዶ በሳክስፎን የተነፈሰው ጌታቸው መኩሪያ ነው። በማዘጋጃ ቤት፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ያገለገለው ይህ ሰው ሽለላንና ፉከራን የሳክስፎን ቋንቋ አደረገው። ድምፁ ይሰነጠቃል፣ ይጮኻል፣ ያጓራል፣ እንደገና ይለዝባል። የውጭ ሐያስያን ሲሰሙት እንደ አልበርት አይለር ካሉ አፈንጋጭ የአሜሪካ ጃዝ ተጫዋቾች ጋር ያመሳስሉታል። ያመሳስሉት እንጂ ጌታቸው ከአይለር አልተማረም። የተማረው ከፎካሪ ነው። መድረክ ላይ ጎፈር ደፍቶ መውጣቱም ለጌጥ ብቻ አልነበረም፤ ከየት እንደመጣ መናገሩ ነበር። በስተርጅናው ዘ ኤክስ የተባለው የሆላንድ ባንድ ፈልጎ አገኘው። እ.ኤ.አ. በ2006 “ሞአ አንበሳ” የተባለውን አልበም አብረው አወጡ፤ በአውሮፓ መድረኮችም አብረው ዞሩ። ሰውዬው በ2008 ዓ.ም. አረፈ። አሁን እኔ የምጠይቀው እንዲህ ነው፤ ጊታር የሚያስጮሁ የሆላንድ ልጆች “ይህ ሽማግሌ የኛ ሰው ነው” ብለው ሲይዙት፣ “ፍሪ ጃዝ ለኛ ባዕድ ነው” የሚሉት የኛ ሊቃውንት ምን እየሰሙ ነበር?

ሦስተኛው ምስክሬ አዝማሪው ነው። የላስታ ጠጅ ቤት አዝማሪ።

መሣሪያውን ተመልከቱ። ማሲንቆ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር፣ ቆዳ የተወጠረበት ሳጥንና ደጋን ነው። ጣት ክሩን ከጎን ይነካዋል እንጂ እንጨቱ ላይ አይጫነውም። ስለዚህ አዝማሪው በሁለት የፒያኖ ጥርሶች መካከል ባለው ስንጥቅ ውስጥ እንደልቡ ይመላለሳል። አምባሰልም ባቲም የወሎ አገሮች ስም ናቸው። በእነዚህ ቅኝቶች ውስጥ ያለው ለቅሶና ሳቅ የሚኖረው በዚያ ስንጥቅ ውስጥ ነው። አዝማሪዎች ደግሞ ሌላው የማይገባው የራሳቸው የሙያ ቋንቋ አላቸው። በጨዋታ መካከል “ያን ሰውዬ ያዘው፣ ይኼኛውን ተወው” ይባባሉበታል። ጃዝ ተጫዋቾች በዓይን የሚነጋገሩትን እነሱ በቃል ይጨርሱታል።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ጦርነቱ ላሊበላ ሳይደርስ፣ የገና ጾም በተፈታ ማግስት አንድ ጠጅ ቤት ገባሁ። ቤቱ በእግሩ በመጣ ምእመን ጢም ብሏል። ጥግ ላይ ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ብርሌያቸውን አስቀመጡና “ተቀበል!” አሉ። ግጥማቸው የመንገድ ስሞታ ነበር። ተራራውን ስወጣ ስወርድ የጫማዬ ሶል አለቀ የሚል ነው። አዝማሪው የመጀመሪያውን መስመር ቤቱ ሁሉ እንዲሰማ ቀስ ብሎ ደገመው። ሁለተኛው መስመር መጨረሻ ላይ ሲደርስ ደጋኑን አቆመ። ጸጥ አለ። ከዚያ “አለቀ” የሚለውን “አለቃ” ብሎ ጣለው። አንዲት አናባቢ ናት የለወጠው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ለካስ ከበሩ አጠገብ፣ መንገዱን ማሠራት የነበረበት መሥሪያ ቤት አለቃ ተቀምጧል። አለቃው ምን ያድርግ? ቢቆጣ ይዋረዳል፤ ዝም ቢል ተረታ። ብር አውጥቶ አዝማሪው ግንባር ላይ ለጠፈና እሱም “ተቀበል!” አለ። ከዚያ በኋላ ያለው አንድ ሰዓት ተኩል ምን ብዬ እንደምነግራችሁ አላውቅም። ሽማግሌው ይሰጣሉ፣ አለቃው ይመልሳል፣ አዝማሪው ሁለቱንም ይቀበልና በሦስተኛ መንገድ ይወጣል። ማሲንቆው አንዴ ከሽማግሌው ጋር ያለቅሳል፣ አንዴ አለቃውን ያሾፍበታል።

እስቲ ንገሩኝ፣ የዚያ ዘፈን ደራሲ ማን ነው? ሽማግሌው? አዝማሪው? አለቃው? በቴፕ ብቀዳውስ ምን ይተርፈኛል? በማግስቱ አለቃው በሌለበት ቤት ያቺ አንድ አናባቢ አታስቅም። ምሥጢሩ እዚህ ላይ ነው። በዚህ ዓይነቱ ሙዚቃ አድማጭ ማለት ትኬት ቆርጦ የሚቀመጥ ሰው ሳይሆን የመሣሪያው ግማሽ ነው። ማሲንቆው አንድ ክር ብቻ ያለው ሁለተኛው ክር አድማጩ ስለሆነ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በማግስቱ ማታ እዚያው ከተማ ውስጥ፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ሆቴል፣ “የባህል ምሽት” ተብሎ ተጋበዝኩ። ሰው የሚያህሉ ድምፅ ማጉያዎች ግራና ቀኝ ቆመዋል። አንድ ኪቦርድ የተቀዳ ምት ይመታል። አራት ተወዛዋዦች በአርባ ደቂቃ ውስጥ አራት ጊዜ ልብስ ቀይረው አገሪቱን “አስጎበኙን”። በመካከሉ ማሲንቆ የያዘ ሰው ወጣ። የትናንቱ አዝማሪ ነው! ማይክሮፎን ተሰጠው፤ አምስት ደቂቃም ተሰጠው። ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየዞረ ለጀርመኑም ለጃፓኑም ለአዲስ አበባውም ያቺኑ አራት መስመር “እንኳን ደህና መጣችሁ” አለ። አንድ የአገር ሰው ከኋላ ሆኖ ሁለት ጊዜ “ተቀበል!” ብሎ ሲጮህ ሰምቻለሁ። አዝማሪው አልሰማውም። ከዚያ ሁሉ ድምፅ ማጉያ ጋር እንዴት ይሰማዋል? ትናንት ቤት ሙሉ ሰው ሲያነጋግር ያደረው ሰው ዛሬ ከማንም ጋር ሳይነጋገር ሥራውን ጨርሶ ወረደ።

“ታዲያ ሆቴሉ እንጀራ ሰጠው፣ አንተ ምን ሰጠኸው?” የሚል ይኖራል። ተገቢ ጥያቄ ነው። እኔ አዝማሪው ሆቴል አይግባ አላልኩም። ይግባ፤ ከዚያም በላይ ይከፈለው። የምለው፣ እንጀራውን ሲሰጡት ጆሮውን አይውሰዱበት ነው። ድምፅ ማጉያውን ማጥፋት ምንም ገንዘብ አያስወጣም። እንግዳው አማርኛ ካልገባው አስጎብኚው መሐል ቁጭ ብሎ ይተርጉምለት። ጀርመኑም ስለ ባለቤቱ፣ ጃፓኑም ስለ ጉልበቱ ሕመም አንድ ነገር ይበልና አዝማሪው ይቀበለው። ከአራት ጊዜ ልብስ መቀየር ይልቅ ይህን አገሩ ሲመለስ ለልጅ ልጆቹ ያወራዋል።

ወደ ሸክላ ሰብሳቢዎቹ ልመለስ፤ ሆቴሉን ለመውቀስ የሚቀድሙኝ እነሱ ናቸውና። እነሱ ራሳቸው ግን ምን እያደረጉ ነው? “ወርቃማው ዘመን” ይላሉ። እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፈረንሳይ አገር የታተሙትን የ“ኢትዮፒክስ” ሲዲዎች በቁጥር ያውቋቸዋል። ሥራው ትልቅ ሥራ ነው፤ ባለውለታ ነን። የጌታቸው መኩሪያም ሽለላ ለዓለም የተዳረሰው በዚያ ነው። ግን ሲዲ መቃብር እንዳይሆን እፈራለሁ። ሙላቱ አስታጥቄ እ.ኤ.አ. በ1966 “አፍሮ ላቲን ሶል”ን፣ በ1972 “ሙላቱ ኦፍ ኢትዮጵያ”ን ሲሠራ ያቆየልን ዋናው ነገር ድፍረቱ ነው። ቅኝታችንን ከላቲን ምትና ከጃዝ ሐርመኒ ጋር አጋጭቶ ምን እንደሚወጣ ጠበቀ። ዛሬ ግን በየክለቡ የምሰማው ወጣት ባንድ ብዙውን ጊዜ የሙላቱን ሥራ ከሸክላው ላይ ነጥብ በነጥብ ገልብጦ ያቀርባል። ሶሎው ሳይቀር በቃል ተጠንቷል! አድማጩም ሶሎው ከሸክላው ጋር ስለገጠመለት ያጨበጭባል። ዋድላ ቢሆን ኖሮ ይህ ልጅ ምን ይባል ነበር? የሌላ ሰው ቅኔ ይዞ ጉባኤ የቆመ ይባል ነበር። እኛ ግን “ባህሉን ጠበቀ” ብለን እንሸልመዋለን።

ኃይለኞች የዚህን ሙዚቃ ጉልበት ከኛ ይልቅ ያውቁታል። በ1929 ዓ.ም. ግራዚያኒ ከጠንቋይና ከትንቢት ተናጋሪ ጋር አብረው እንዲጠፉ ካዘዘባቸው መካከል በየመንገዱ እየዘፈኑ ወሬ የሚያዳርሱት ይገኙበታል። ለምን? አስቀድሞ ያልተጻፈን ነገር ማንም ሊመረምረው ስለማይችል። በደርግ ዘመን ግጥም ሳንሱር ይደረግ ነበር። የሰዓት እላፊው ደግሞ ለዓመታት የአዲስ አበባን ሌሊት ቀማ፤ ማታ በባንድ ይሟሟቅ የነበረ ከተማ ሙዚቃውን በካሴት መስማት ለመደ። ዛሬ ያ ዓይነት ሳንሱር አያስፈልግም። ኪቦርዱ ምቱን ወስኖታል፣ ፕሌይባኩ ዘፈኑን ወስኖታል፣ ፕሮግራም መሪው ደቂቃውን ወስኖታል። ማንም ሳይከለክል ማንም ምንም አዲስ ነገር አይናገርም።

ቤቶቹም እየጠፉብን ነው። ጃዝ አምባ በጥር 2007 ዓ.ም. ከጣይቱ ሆቴል ጋር ተቃጠለ። በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርስ ፈንዲቃ የነበረበት ቤት አብሮ ሄደ። ፈንዲቃ ለጉርሻ ይጨፍር የነበረው መላኩ በላይ ተረክቦ ያሳደገው አዝማሪ ቤት ነበር። አዝማሪና የአውሮፓ አፈንጋጭ ሙዚቀኛ አንድ ወለል ላይ “ተቀበል” የሚባባሉበት ቤት በዚህች አገር ስንት ነበር? ባለቤቱ ሥራውን ወደ ሌላ ቦታ ይዞት መሄድ ይችላል። ሠላሳ ሰው ትከሻ ለትከሻ ገጥሞ የሚቀመጥበትን የቤት ጠባይ ግን በጭነት መኪና ማጓጓዝ አይቻልም።

የላሊበላው ደግሞ ይብሳል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና እንግዳውን አስቀረ። በ2013 ክረምት ጦርነቱ ከተማዋ ገባ። ያ አለፈ ሲባል ከ2015 ክረምት ወዲህ ሌላ ግጭት መጣ። እንግዳ ሲቀር ሆቴሉ ይዘጋል፤ ሆቴሉ ሲዘጋ አዝማሪው ማሲንቆውን ሰቅሎ ሌላ እንጀራ ይፈልጋል፤ ልጁም እጁን ከደጋን ጋር ሳያስተዋውቅ ያድጋል። አንድ ትውልድ ከተዘለለ ይህ ነገር ከመጽሐፍ አይመለስም። ዓለም እ.ኤ.አ. በ1978 በቅርስነት የመዘገባቸው 11ዱ አብያተ ክርስቲያናት ዝናብ እንዳይጎዳቸው በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ ከላያቸው መጠለያ ተሠራላቸው። መጠለያው ይጠቅማል፣ ይጎዳል የሚለው ክርክር ራሱን የቻለ ነው። ቢያንስ ግን ለድንጋዩ ተጨንቀናል። ድንጋዩ 800 ዓመት ቆሟል። ዘፈኑ ግን የሚቆየው አዝማሪው እስትንፋስ እስካለው፣ አድማጩም አፍ እስካለው ድረስ ነው። ለእሱ ማን መጠለያ ሠራለት?

ማኅሌትንና ጠጅ ቤትን እያምታታሁ እንዳይመስላችሁ። የየራሳቸው ክብር አላቸው። ነገር ግን በገና ዕለት ቤተ ማርያም ማሜ ጋራ ላይ ቤዛ ኩሉ ሲባል የቆመ ሰው ይመሰክርልኛል። ከላይ በገደሉ ጫፍ የተሰለፉት ካህናት ይላሉ፤ ከታች ያሉት ይቀበላሉ። ቃሉና ዜማው የታወቀ ነው። ግን የላዩ የታቹን ካልሰማ ነገሩ አይሆንም። እዚህ አገር መቀበል ማለት መስማት ነው፤ መስማት ማለትም መመለስ ነው። ይህን ከኮልማን መማር አያስፈልገንም ነበር።

ስለዚህ የምጠይቀው ቀላል ነው። ሸክላ ሰብሳቢው በወር አንድ ማታ ሸክላውን ዘግቶ ሰው ካለበት ቤት ይሂድ። ወጣቱ ባንድ የሙላቱን ዜማ ይጫወት፤ ሶሎው ላይ ሲደርስ ግን የራሱን ይዝረፍ። ቢሳሳት ይሳሳት፤ ቅኔ ተማሪም ሲሳሳት ነው የሚያድገው። ማሲንቆን የሚያስተምረው ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት የጠጅ ቤቱን አዝማሪ ክፍል ውስጥ አስገብቶ ከጃዝ ተማሪው ጋር ፊት ለፊት ያስቀምጠው። ቱሪዝም ቢሮው “ባህላዊ ትርኢት” የሚለውን ደቂቃ ከመቁጠሩ በፊት አዝማሪው ስንት ሰዓት እንደሚፈልግ ይጠይቀው። “አዝማሪ” የሚለውን ቃል ለስድብ የሚጠቀም ሁሉ ደግሞ አንድ ማታ ተነሥቶ ሁለት መስመር ለመስጠት ይሞክር። ከዚያ በኋላ ይሰድብ እንደሆነ አያለሁ።

አንባቢ ሆይ፣ ፍሪ ጃዝን ውደድ ብዬ አላስገድድህም። “ለኛ ባዕድ ነው” ግን አትበለኝ። በዚህ የማይስማማ ካለ መጽሔቱ ገጽ አለው፤ ብዕሩን አንሥቶ ይምጣ። እኔም እቀበላለሁ።